የጎጃም ሸለቆዎች ንፋስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጋ ሲገባ ስለ ንፋስ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል፤ የሚደጋገሙትን ሰብስቤ መለስኩ፣ ሰዓቱም ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ቀን ከቆላ ወደ ደጋ፣ ማታ ከደጋ ወደ ቆላ የሚነፍሰው ለምንድን ነው?

ፀሐይ በዋናነት የምታሞቀው መሬቱን ነው። መሬቱ ደግሞ የነካውን አየር ያሞቃል። ተዳፋቱን ተጠግቶ ያለው አየር በዚያው ከፍታ ሸለቆው መሃል ላይ ካለው አየር ቀድሞ ይሞቃል፤ ስለዚህ ይቀላል። የቀለለው ዳገቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ማታ ተገላቢጦሽ ነው። መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የነካው አየር ቀዝቅዞ ይከብዳል፤ ከዚያ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል።

ይህ ተዳፋቱን ተለጥፎ የሚሄደው ቀጭኑ ንፋስ ነው። ከሱ ሌላ ሸለቆውን በቁመቱ የሚከተል ትልቅ ንፋስ አለ። ግማሽ ጣሳ ውሃና ሙሉ ጣሳ ውሃ እኩል እሳት ላይ ብትጥዱ የትኛው ቀድሞ ይፈላል? ግማሹ ነው። ሸለቆም እንደዚያው ነው። ግራና ቀኙን ጋራ ስለያዘበት ውስጡ ያለው አየር ጥቂት ነው፤ ከሜዳው ጋር ግን እኩል ፀሐይ ያገኛል። ስለዚህ ቶሎ ይሞቃል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ከታች ያለው አየር ወደዚያ ይሳባል።

ትምህርት ቤት የቀኑን የሸለቆ ንፋስ፣ የሌሊቱን የተራራ ንፋስ ብለው ያስተምሩናል። ስሙ የሚወጣለት ከሚመጣበት ነው እንጂ ከሚሄድበት አይደለም። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል? ስንት ሰዓት ላይስ ይገለበጣል?

ሰማዩ ጥርት ባለ የበጋ ቀን ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ያገኘው ተዳፋት ላይ ሽው ማለት ይጀምራል። ሸለቆውን ተከትሎ የሚመጣው ትልቁ ንፋስ ግን ሰነፍ ነው። አራት ሰዓት፣ አንዳንዴም አምስት ሰዓት ይሆናል። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ውስጥ ይበረታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ማታ ላይ ከላይ የሚወርደው ቀዝቃዛ ንፋስ ይጀምራል። እሱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እየጠነከረ ሄዶ ሊነጋ ሲል ይበረታል።

በመሃል ደስ የሚል ሰዓት አለ። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጧት ላይ፣ ጋራው ላይ ያለው ቤት ጭሱ ሽቅብ ሲሄድ ወንዙ ዳር ያለው ቤት ጭሱ ገና ቁልቁል ይሄዳል። ሁለት ጎረቤት ሁለት ንፋስ አለው። አንዱ ቀኑን ጀምሯል፤ ሌላው ሌሊቱን አልጨረሰም።

ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሰጠ ተዳፋት ቀድሞ ይነቃል፤ ወደ ምዕራብ የዞረው ይዘገያል። የጎጃም ቀን ከወር ወር ብዙም ስለማይረዝምና ስለማያጥር ሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይዛነፍም። የፈረንጅ አገር ተራሮች ግን በጋና ክረምታቸው የቀኑን ርዝመት ስለሚቀያይር ሰዓቱም አብሮ ይንከራተታል።

ጎጃም ውስጥ ንፋሱ ከየት አቅጣጫ ነው የሚመጣው?

አንድ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ጎጃም ራሱ ጉብታ ነው። መሃሉ ላይ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ቆሟል። ዙሪያውን አባይ ከምሥራቅና ከደቡብ ከቦታል። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ሌሎቹም ወንዞች ከጮቄ ተነስተው እየቆፈሩ ወደ አባይ ይወርዳሉ። ስለዚህ «ሽቅብ» ማለት በየአካባቢው ይለያያል። ደጀን በኩል የቀኑ ንፋስ ከደቡብ፣ ከአባይ በረሃ ይመጣል። ቢቸናና ሞጣ በኩል ከምሥራቅ ይመጣል። አዊ ላይ ደግሞ የምዕራቡ ቆላ ነው የሚልከው።

አቅጣጫን በኮምፓስ ከመያዝ «ቀን ከቆላ፣ ማታ ከደጋ» ብሎ መያዝ ይሻላል። ገበሬው የያዘውም እንደዚያው ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ይህ የሚሠራው ገደልና ሸለቆ ውስጥ፣ አፋፍም ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ከሩቅ የሚመጣው የወቅቱ ንፋስ ይበረታል። በጋ ላይ ያ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው።

ጤፍ ለማምረት፣ ማለትም ፍሬውን ከእብቁ በንፋስ ለመለየት፣ ጥሩው ሰዓት የትኛው ነው?

ያደግኩት ደጀን አካባቢ፣ አፋፍ ላይ ነው። ጥር ላይ አንድ ጧት በሬዎቹ አብራይተው ጨርሰዋል፤ ጭዱም በመንሽ ተነስቷል። ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ላይዳ አንስቼ ልወረውር ስል አጎቴ «ቆይ እንጂ አንተ ልጅ! ገና አልመጣም» አለኝ። ከአውድማው ቆንጠር አድርጎ እብቅ አነሳና በትከሻው ትክክል ለቀቀው። እግሩ ስር ወደቀ። ቁጭ ብሎ ጠላውን ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው፤ እብቁ አንድ ክንድ ያህል ወደ ደጋው ሸሸ። በሦስተኛው ሁለት እርምጃ ሄደ። «በሉ አሁን ተነሱ» አለ።

ያ ሰዓት አራት ተኩል ነበር። ከዚያ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ያለው ነው ለጤፍ የሚስማማው። ንፋሱ ሳያቋርጥ ይመጣል፤ ግን አይቆጣም። ጤፍ እንደ ስንዴ አይደለም። አንድ ሺህ ፍሬ ተቆጥሮ ግማሽ ግራም አይሞላም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንፋሱ ሲበረታ እብቁን ብቻ አይወስድም፤ ፍሬውንም ይዞ ይሄዳል። ስንዴና ባቄላ ግን የዘጠኝ ሰዓቱን ንፋስ ይችሉታል። ስለዚህ ሁለቱም ካሏችሁ ጤፉን አስቀድሙ።

አውድማው የት ይሁን ለሚለው፣ አፋፉ ላይ ጫፍ ጫፉን ነው። ዛፍና ቤት ከኋላ ይሁን እንጂ ከፊት አይሁን። የድሮ አውድማዎችን ብታዩ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ማንም የአየር ንብረት ትምህርት አልሰጣቸውም።

አባይ በረሃ ስንወርድ የሚቀበለን ንፋስ ለምን ትኩስ ይሆናል?

ደጀን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ደረቅ አየር 100 ሜትር በወረደ ቁጥር ወደ 1 ዲግሪ ይሞቃል። ከሰዓት በኋላ አየሩ ከላይ እስከ ታች ሲደባለቅ በሁለቱ መካከል የ13 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። በዚያ ላይ የገደሉ ድንጋይ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ይመልሳል። ሹፌሮቹ መስኮት ከፍተው «ምድጃ ነው» የሚሉት ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ጎኑ ከፍ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው ይጠንቀቅ። ኩርባውን ሲታጠፍ ከተከለለበት ድንገት ይወጣና ንፋሱ በጎን ይመታዋል።

ክረምት ላይ የት ይጠፋል?

አይጠፋም፤ ይደክማል። ደመናው ፀሐይን ይከለክላል፤ እርጥብ መሬትም ሙቀቱን ውሃ በማትነን ይጨርሰዋል። ማታ ደግሞ ደመናው እንደ ጋቢ ይሸፍንና መሬቱ እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል። በተጨማሪም ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው የክረምቱ ንፋስ ትንሹን ይውጠዋል።

ግን ሥራውን ታዩታላችሁ። ክረምት ላይ ጧት ብራ ሆኖ ውሎ ከሰዓት በኋላ ጮቄ ላይ ደመና የሚከመረው፣ ከዚያም የሚያንጎዳጉደው፣ ሽቅብ የወጣው እርጥብ አየር ጫፉ ላይ ስለሚገናኝ ነው።

ጠዋት ጭሱ ለምን ሸለቆው ውስጥ ይተኛል?

ሌሊቱን የወረደው ቀዝቃዛ አየር ከታች ይጠራቀማል። ከላዩ ሞቅ ያለ አየር ክዳን ሆኖ ይቀመጥበታል። ጭሱ ወጥቶ ወጥቶ ክዳኑ ጋ ሲደርስ ይቆምና ወደ ጎን ይንጣለላል። ብዙ ጊዜ የክዳኑ ጠርዝ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

ይህን በደንብ ለማየት ጠዋት አዊ መሄድ ነው። ፋግታ ለኮማና እንጅባራ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክሎ ከሰል ያከስላል። ማለዳ ላይ ከየማሳው የሚወጣው ጭስ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ወተት እንደፈሰሰበት ሆኖ ይተኛል። ሦስት አራት ሰዓት ላይ መሬቱ ሲሞቅ ክዳኑ ይከፈታል፤ ጭሱም በአንዴ ይበተናል። አስም ያለበት ሰው ማለዳ ዝቅተኛው መንደር ውስጥ ከመቆየት ወደ ተዳፋቱ ከፍ ቢል ይሻለዋል። ማክሰል ያለበት ሰውም ረፋድ ላይ ቢለኩስ ጎረቤቱን ያተርፋል፤ ምንም እንኳ ከሰል ሌሊትም ስለሚጨስ ነገሩ ሙሉ ለሙሉ ባይፈታም።

ፀረ አረም የሚረጭም ሰው ይህን ይወቅ። ማለዳ ክዳኑ ሳይከፈት ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ግን ደቃቁ ጠብታ አየር ላይ ይንሳፈፍና ቁልቁል ተንሸራቶ የሰው ማሳ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንፋሱ ይወስደዋል። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ንፋሱ ሳይበረታ ያለችው አጭር ሰዓት ትሻላለች።

አመዳይ የሚመታው ከላይ ያለውን ነው ወይስ ከታች ያለውን?

ሁለቱንም፣ ግን በተለያየ ምክንያት። ጮቄ ላይ ከፍታው ራሱ ያበርዳል። ከዚያ ዝቅ ሲሉ ግን ተንኮለኛው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ቀዝቃዛው አየር የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ሜዳ አመዳይ ሲያገኘው፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ተዳፋት ይተርፋል። የአንድ ሰው ማሳ የላይኛው ጫፍ ባቄላ አረንጓዴ ሆኖ የታችኛው በአንድ ሌሊት ሲጠቁር አይቻለሁ። በመካከላቸው ያለው ከፍታ የአንድ ባህር ዛፍ ቁመት ቢሆን ነው።

ስለ ባህር ዛፍ ካነሳን፣ ከማሳው በታች ጥቅጥቅ አድርጎ መትከል ለብርድ ግድብ መሥራት ነው። የሚወርደው አየር መሄጃ ያጣና ማሳው ላይ ይተኛል። መትከል ካለባችሁ በር ተዉለት። ከማሳው በላይ የተተከለ ግን ብርዱን ወደ ጎን ሊያስቀይስ ይችላል። ቤት ለሚሠራም ያው ነው። ከአፋፉ ጫፍ ዝቅ ያለ፣ ከወንዙ ከፍ ያለ ቦታ ሌሊት ይሞቃል።

ባህር ዳር ሸለቆ የለባትም። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ንፋስ ታዲያ ምንድን ነው?

የጣና ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ መሬት ይቸኩላል። ቀን መሬቱ ላይ ያለው አየር ሲቀል ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለው ይገባል። ባህር ዳር ደቡቡ ዳርቻ ላይ ስለሆነች ከሰሜን ይመጣላታል። ሌሊት ደግሞ ከየብስ ወደ ውሃው ይዞራል። በታንኳ የሚወጡት ዓሣ አጥማጆች ማለዳውን የሚመርጡት ውሃው ያን ጊዜ ስለሚተኛ ነው። ወደ ዘጌ በጀልባ የምትሄዱም ጧት ሂዱ፤ መመለሻችሁ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ቢያንስ ልብስ የሚረጥብበትን ወንበር ለሌላ ሰው ተዉለት።

እንዲህ ዓይነቱን ንፋስ ጣልያኖች ስም አውጥተውለታል። ጋርዳ ሐይቅ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ኦራ፣ የጧቱን ፔለር ይሉታል። እኛ ሁሉንም «ንፋስ» ብለን ማለፋችን ያሳዝነኛል።

ቀትር ላይ የሚሽከረከረው አውሎ ነፋስ ጋኔን አለበት?

ልጅ ሳለን እንደዚያ ይሉን ነበር፤ ሲመጣ በደረታችን ተኝተን አማትበናል። ነገሩ የጋለ ባዶ መሬት ነው። ከታች በጣም የሞቀው አየር በአንድ ቦታ ሰብሮ ሲወጣ ዙሪያው ያለው እየተሽከረከረ ይገባበታል። የታረሰ ደረቅ መሬትና አውድማ ይወዳል። ብዙ አይቆይም። ዓይን መጨፈን በቂ ነው፤ ማማተቡም አይከለከልም።

ገደል ላይ እሳት ሲነሳ ንፋሱ ምን ያደርጋል?

ቀን እሳቱን ሽቅብ ያስሮጠዋል። ነበልባሉ ራሱ ከላዩ ያለውን ሣር እያደረቀ ይቀድማል፤ ንፋሱ ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል። ዳገት የሚወጣ እሳትን ሰው ሮጦ አያመልጠውም። ስለዚህ ቀን ላይ ከእሳቱ በላይ ቆሞ ለማጥፋት መሞከር ሞት ነው። በጎንና የተቃጠለውን መሬት ይዞ መቅረብ ይሻላል።

አደገኛው ሰዓት ግን ማታ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ። ንፋሱ ይቆማል፤ ሰው «በረደ» ብሎ ይዘናጋል። ከዚያ ይገለበጥና ከታች የቆመው ሰው ላይ ጭሱንና ፍሙን ይዞ ይወርዳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ማሳ የምታጸዱ ሰዎች ገደል አፋፍ ላይ እሳት አትለኩሱ፤ የግድ ከሆነም ማለዳ ይሁን።

ስልኬ ላይ «ንፋስ የለም» እያለ ለምን ጣሪያዬ ይንኳኳል?

ስልካችሁ ላይ ያለው ቁጥር የሚመጣው ምድርን በካሬ ከፋፍሎ ከሚያሰላ ሞዴል ነው። ዓለምን ሁሉ የሚሸፍኑት ጥሩ የሚባሉት ሞዴሎች እንኳ የአንዱ ካሬ ጎን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ካሬ ውስጥ ጋራውም ገደሉም ተደባልቆ አንድ አማካይ ከፍታ ይሆናል። የአባይ በረሃ ለሞዴሉ ለስለስ ያለ ጎድጓዳ ነው። የሙጋ ገደል ደግሞ ጭረት እንኳ አይሆንም። የሌለ ሸለቆ ንፋስ አያወጣም።

ትልቁን ነገር፣ ዝናብ ሊመጣ መሆኑንና የወቅቱ ንፋስ መዞሩን፣ ከትንበያው ውሰዱ። የደጃችሁን ንፋስ ግን ራሳችሁ መዝግቡት። ለአንድ ሳምንት ጧት አንድ ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ አሥር ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጭስ ወይም የባህር ዛፍ ቅጠል ወዴት እንደሚሄድ ጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ከስልካችሁ የተሻለ ታውቃላችሁ።

ሞቃት አየር ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ጮቄ ለምን ይበርዳል?

የሚወጣው አየር እየወጣ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ከላይ ግፊቱ አነስተኛ ነው፤ አየሩ ይሰፋል፤ ለመስፋት ደግሞ የራሱን ሙቀት ያወጣል። ከጎማ የሚወጣ አየር እጅ ላይ ቀዝቃዛ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከደጀን በታች በ30 ዲግሪ የተነሳ ደረቅ አየር 1,500 ሜትር ሲወጣ 15 ዲግሪ ይሆናል። ሙቀቱን ማንም አልወሰደበትም፤ በመንገድ ጨርሶት ነው።

ቁልቁል የሚወርድ አየር ይሞቃል ካላችሁ፣ የሌሊቱ ንፋስ ለምን አጥንት ይሰብራል?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ የጠየቀኝ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። አየር ሲወርድ በርግጥ ይሞቃል። የሌሊቱ ንፋስ ግን ዝም ብሎ አይወርድም፤ የቀዘቀዘውን መሬት እየታከከ ነው የሚወርደው። ቀጭን ስለሆነና ቀስ ስለሚል በመውረዱ ያገኘውን ሙቀት መሬቱ እዚያው ይቀማዋል። 100 ሜትር ወርዶ 1 ዲግሪ ቢያተርፍ፣ ያንኑ ወይም ከዚያ በላይ ለመሬቱ ይከፍላል። ደግሞም እየሞቀ የሚሄድ ቢሆን መውረዱን ያቆም ነበር። ዙሪያው ካለው አየር የበለጠ ቀዝቃዛ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው የሚወርደው።

አልፎ አልፎ ግን ሌላ ዓይነት ሌሊት ይመጣል። ከምሥራቅ የሚመጣው የበጋው ንፋስ በርትቶ ተራራውን ይሻገርና በወዲያኛው በኩል አየሩን በግድ ወደ ታች ይገፋዋል። ያኛው ወፍራምና ፈጣን ስለሆነ መሬቱ ሙቀቱን ሊቀማው አይደርስም። እንዲህ ባለ ሌሊት ዛፉ ይጮኻል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ብርዱ ግን የለም። አጎቴ እንደዚያ ሲሆን ጋቢውን ገፎ ደጅ ይወጣና እብቅ ፍለጋ መሬቱን በእጁ ይዳብሳል።